መንገድ 50 ላይ ቁሙ፤ የመጸው ጉዞ ወደ ቼሳፒክ ዳርቻ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በዚህም መጸው ዘመድ አዝማድ ሊጠይቃችሁ ለሚመጣባችሁ ሁሉ ነው። የምናወራው ስለ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱም እንደዚሁ።

ሰመር ሲመጣ የእኛ ሰው ልማድ ይታወቃል። መኪናው ይሞላል፣ የሥጋ መጥበሻው ከኋላ ይጫናል፣ ከዚያ በመንገድ 50 ወደ ኦሽን ሲቲ ነው። በቼሳፒክ ድልድይ ላይ ወረፋ ይጠበቃል፣ አሸዋው ላይ ሁለት ቀን ይታደራል፣ እሑድ ማታ በዚያው ወረፋ ይመለሳል። በዚህ ቅር አልሰኝም። የሚቆጨኝ በመስኮት እያየን የምናልፈው አገር ነው። መንገድ 50 የፀረ ባርነት ታጋዩ ፍሬድሪክ ዳግላስ በወጣትነቱ የታሰረባትን ከተማ ነክቶ፣ ብዙዎችን ከባርነት ያስመለጠችው ሀሪየት ተብማን የተወለደችበትን የዶርቼስተር አውራጃ አቋርጦ ያልፋል። እኛም ቤንዚን ለመቅዳትና ውኃ ለመግዛት ብቻ ቆም እንልና እንቀጥላለን።

ስለዚህ የዛሬ ምክሬ አጭር ነው። ኦሽን ሲቲን ለሰመር ተዉትና ከሌበር ደይ በኋላ ባለው ጊዜ መንገዱ ላይ ቁሙ።

መጸውን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ባሕር የሚጎርፈው መኪና ይቀንሳል። የዶርቼስተር ረግረግ በሰመር በትንኝና በተናካሽ ዝንብ የታወቀ ነው፤ ብርዱ ሲጀምር ያም ይረግባል። ስደተኛ ወፎችም ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚመጡት በዚሁ ወቅት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ጥቂት ልበል። ቼሳፒክ በዚህ አገር ካሉት የወንዝና የባሕር ውኃ መቀላቀያዎች ትልቁ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ7 ሜትር አይበልጥም። ድሮ የሰስኮሃና ወንዝ ሸለቆ ነበር። የበረዶው ዘመን አልፎ ውቅያኖሱ ከፍ ሲል ሸለቆው ሰጠመ፤ ገባር ወንዞቹም እየሰፉ የባሕር ክንድ ሆኑ። ካርታውን ብታዩ ዳርቻው የተሰነጣጠቀና የተበጣጠሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሰሜኑ ጨው አልባ ውኃ ነው፣ ደቡቡ ጨዋማ ነው፣ መካከሉ ቅልቅል ነው። ሸርጣኑም ኦይስተሩም የሚወዱት ይህን ቅልቅል ነው።

ጉዟችሁ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ከሆነ፣ ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት ወደ ደቡብ ዞር ብላችሁ በፓታክሰንት ወንዝ ላይ ያለውን ጀግ ቤይ የተባለ ረግረግ እዩ። በዚያ ሰሞን ረግረጉ ብጫ ይለብሳል። ብጫውን የሚያለብሰው አበባ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ቢደንስ በሚባለው ወገን ይመድቧቸዋል። እዚህ ያለው እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይበቅላል እንጂ መልኩም የሚፈነዳበት ጊዜም ለእንቁጣጣሽ የተቀጠረ ይመስላል። የአሜሪካ ልጆቻችሁ አደይን በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ከሆነ እዚህ ውሰዷቸው። ለመቅጠፍ ግን እጃችሁን አትዘርጉ፤ ሥፍራው የተጠበቀ ነው።

ቀጥሎ አናፖሊስ። የሜሪላንድ ዋና ከተማ ናት፤ ከዲሲ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ በ1772 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ሕግ ይወጣበታል፤ በአሜሪካ ሳያቋርጡ ለዚህ ሥራ ከዋሉት የግዛት ምክር ቤቶች ሁሉ አንጋፋው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን እንግሊዞችን ድል ካደረገ በኋላ ዲሴምበር 23 ቀን 1783 የጦር አዛዥነቱን በፈቃዱ ያስረከበው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው። ድል ያደረገ የጦር አዛዥ ሥልጣኑን መልሶ ሰጥቶ ወደ እርሻው ሲሄድ፣ የእኛን አገር ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ገንዘብ ተከፍሎ የሚታይ ነው፤ መግቢያው ደግሞ ነጻ ነው። መታወቂያ ግን ያዙ። በዚያው ሕንፃ፣ በ1864 ሜሪላንድ ባርነትን በሻረችበት አዳራሽ፣ ከ2020 ጀምሮ የተብማንና የዳግላስ የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ወደቡ ውረዱ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1767 ሎርድ ሊጎኒየር የምትባል መርከብ ከጋምቢያ አፍሪካውያንን ጭና እዚህ ደረሰች። አሌክስ ሄሊ በ1976 ባሳተመው «ሩትስ» በተባለው መጽሐፉ አያት ቅድመ አያቱ ኩንታ ኪንቴ የመጣው በዚህች መርከብ ነው ይላል። የታሪክ ሊቃውንት ሄሊ የዘረዘረውን የትውልድ ሐረግ አይቀበሉለትም፤ የመርከቧ መምጣትና የሰዎቹ መሸጥ ግን በጊዜው ጋዜጣ ማስታወቂያ ወጥቶበታል። ወደቡ ዳር ሄሊ ተቀምጦ ለልጆች መጽሐፍ ሲያነብ የሚያሳይ ሐውልት አለ። ልጆች ካሉ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ መጠየቅ ይጀምራሉ። መልሱን አስቀድማችሁ አስቡበት።

አናፖሊስ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በኦክቶበር የጀልባ ትርኢት ስላለ ከተማዋ ትጨናነቃለች፤ ቀኑን ሳታጣሩ አትሂዱ። ሁለተኛው፣ በመጸው ጨረቃ ሙሉ ወይም ጠፍ በምትሆንባቸው ቀኖች የባሕሩ ሙላት ከፍ ይላል፤ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳትጥል ወደቡ ዳር ያለው መንገድ ውኃ ይተኛበታል። መኪናችሁን ከፍ ካለው ሠፈር አቁማችሁ በእግር ውረዱ። ወደቡ ዳር ግንባታም ስለሚኖር የቱ በኩል ክፍት እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ድልድዩ። የቼሳፒክ ድልድይ የመጀመሪያው በ1952፣ ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ። 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ትልልቅ መርከቦች በሥሩ እንዲያልፉ መካከሉ ላይ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሲነዱት የሚርበተበቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እንዲያውም በክፍያ መኪናችሁን ነድተው የሚያሻግሩ አሉ። ስለዚህ በቤተሰባችሁ የሚፈራ ሰው ካለ አትሳቁበት፤ ከፍታ የማይፈራ ሰው መሪውን ይያዝ፣ የሚፈራው ከኋላ ይቀመጥ። ከ1952 በፊት ወዲያ ማዶ የሚሄደው ሰው በጀልባ ነበር የሚሻገረው፤ የምሥራቁ ዳርቻ እስከ ዛሬ የራሱ ጠባይ ያለው አገር ሆኖ የቆየው በከፊል ለዚህ ነው።

ከድልድዩ ማዶ ኢስተን ትገኛለች። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1836 ከጓደኞቹ ጋር ከባርነት ለማምለጥ አሲሮ ተይዞ የታሰረው እዚህች ከተማ ነው። ከ42 ዓመት በኋላ በ1878 ሲመለስ በዚሁ ከተማ ፍርድ ቤት ቆሞ ንግግር አደረገ። ዛሬ ፍርድ ቤቱ ደጅ የራሱ ሐውልት አለ፤ የቆመው በ2011 ነው። አጠገቡ ለባርነት ሥርዓት ለተዋጉት ለኮንፌደሬት ወታደሮች የቆመ ሐውልት ነበር፤ እሱ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2022 ተነሣ። ሁለቱ ለአሥር ዓመት ያህል በአንድ ግቢ ጎን ለጎን መቆማቸውን አስቡት።

ጊዜ ካላችሁ ከኢስተን ወደ ኦክስፎርድ ወርዳችሁ በመኪና ጫኟ ጀልባ ወደ ቤልቪው ተሻገሩ። ይህ የጀልባ መሻገሪያ በ1683 የተጀመረ ነው፤ መንገዱ አሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ስለሚያቆም ቀኑን አጣሩ። ሴይንት ማይክልስ ውስጥ ያለው የባሕር ሙዚየምም ለልጆች ጥሩ ነው፤ በ1879 የተሠራ መብራት ቤት ተነቅሎ መጥቶ እዚያ ስለቆመ ወጥተው ያዩታል። ለአዋቂ ግን ኬምብሪጅ የምትባለው ከተማ ትበልጣለች።

ኬምብሪጅ ስትደርሱ ሬስ ስትሪት የሚባለውን መንገድ ፈልጉ። ይህ መንገድ ነጩንና ጥቁሩን ሠፈር የሚለይ ድንበር ነበር። በ1963 ግሎሪያ ሪቻርድሰን የሚባሉ ሴት እዚህ የመሩት የሲቪል መብት ትግል እጅግ ስለከረረ የግዛቲቱ ዘብ ጦር ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ሪቻርድሰን የወታደሩን ሳንጃ በእጃቸው ገፋ ሲያደርጉ የሚያሳየውን ፎቶ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። በዚሁ መንገድ ላይ ባለች አንዲት አነስተኛ ሙዚየም ግድግዳ በ2019 የተሣለ ሥዕል አለ፤ ሀሪየት ተብማን ግድግዳውን ሰብራ እጇን ስትዘረጋ ያሳያል። ብዙ ሰው እጁን እጇ ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሣል። እኔ በአደባባይ ሥዕል ብዙም አልማረክም፤ ይህን ግን ሳታዩት አትለፉ።

ከከተማው ወደ ደቡብ 20 ደቂቃ ያህል ስትነዱ ቸርች ክሪክ ላይ የሀሪየት ተብማን የጎብኝዎች ማዕከል አለ። በ2017 ተከፈተ፤ መግቢያው ነጻ ነው። እዚህ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ። ተብማን የተወለደችው በ1822 ገደማ በዚሁ አውራጃ ነው። በልጅነቷ ብርዱ ውስጥ ረግረግ ገብታ ማስክራት የሚባለውን የውኃ አይጥ ከወጥመድ እንድታወጣ ትላክ ነበር። ባክታውን በሚባል መንደር ባለች ሱቅ፣ አንድ የእርሻ አለቃ ሌላ ሰው ላይ የወረወረው የሚዛን ድንጋይ ጭንቅላቷን መታት፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ ድንገት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። በ1849 መጸው ብቻዋን ወደ ሰሜን አመለጠች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንዲት ያመለጠች ሴት ታሪክ ነበር። እሷ ግን ተመለሰች። በአሥር ዓመት ውስጥ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ 70 የሚሆኑ ሰዎችን አወጣች።

እንዴት? እዚህ ላይ ነው ቀደም ብዬ ያዘገየሁት ምክንያት የሚመጣው። ተብማን የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጸውና በክረምት ነበር። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሰው በብርድ ከቤት አይወጣም። ጉዞ የምትጀምረው ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ሰኞ እስኪደርስ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አይወጣምና። ረግረጉን፣ ጫካውንና የጉጉቱን ድምፅ ታውቃለች። እንግዲህ ይህን አገር በሰመር፣ ቀኑ ረጅም ሆኖ ቅጠሉ ሳይረግፍ ያየ ሰው የተብማንን አገር አላየም። በኖቬምበር፣ ፀሐይ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ስትጠልቅ፣ ረግረጉ ዳር አሥር ደቂቃ ቁሙ። ከማንም አስጎብኚ ንግግር በላይ ያስረዳችኋል።

አንዱን ታሪኳን ብቻ ልንገራችሁ። በ1854 የገና ዕለት ወንድሞቿን ልታወጣ መጣች። አባትና እናታቸው ቤት አጠገብ፣ የበቆሎ ጎተራ ውስጥ ተደበቁ። እናቲቱ ልጆቿን ለገና ምሳ እየጠበቀች ነበር፤ ካየቻቸው እሪ ትላለች ብለው ሳይነግሯት ቀሩ። ለአባታቸው ለቤን ሮስ ግን ነገሩት። ሽማግሌው ምግብ አመላለሰላቸው፤ ሲመሽም ዓይኑን በጨርቅ አሥሮ እስከ መንገድ ሸኛቸው። በኋላ ሲጠየቅ ልጆቼን አላየሁም ብሎ እውነት መናገር ፈልጎ ነው። በዚያ ዘመን እውነተኛነቱ የታወቀ ሰው ነበርና ቃሉን አምነው ተዉት።

የዚህ የቤን ሮስ ቀድሞ የነበረ ጎጆ መሬት ውስጥ ተቀብሮ በ2021 መገኘቱ ተነገረ። ፈልገው ያገኙት የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎች መጀመሪያ በ1808 የተመታ ሳንቲም አገኙ። ቦታው የብላክዋተር ጥብቅ ሥፍራ ይዞታ ነው፤ ውኃ እየገባበት ስለሆነም ነው ቁፋሮው የተጣደፈው።

ብላክዋተር ከጎብኝዎች ማዕከሉ አጠገብ ነው። በ1933 ለስደተኛ ወፎች ተብሎ የተከለለ ረግረግ ነው። ትንሽ ክፍያ ከፍላችሁ መኪናችሁ ውስጥ እንደተቀመጣችሁ ትዞሩታላችሁ፤ ለእናትና አባቶቻችን፣ እግራቸውን ለሚያማቸው ሁሉ የሚመች ነው። ንስር እዚህ ብርቅ አይደለም። ከኖቬምበር ጀምሮ ነጫጭ ዝይዎችና ስዋኖች በሺህ እየሆኑ ይወርዳሉ፤ ሲነሡ የሚያሰሙት ጩኸት ሬዲዮ አያስተላልፈውም። የሩቅ ማያ መነጽር ያላችሁ ያዙት።

ረግረጉ እየጠፋ መሆኑንም ታያላችሁ። ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ወደ ክፍት ውኃ ተለውጧል። መሬቱ ራሱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ባሕሩ ደግሞ ከፍ ይላል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ኑትሪያ የሚባል ትልቅ አይጥ የረግረጉን ሣር ሥር እየቆፈረ አባብሶት ነበር፤ እሱ ከብዙ ዘመቻ በኋላ ከአካባቢው መጥፋቱ በ2022 ተነግሯል። በመንገዱ ዳር ቅርፊታቸው የወለቀ፣ ነጭ ሆነው የደረቁ የጥድ ዛፎች ታያላችሁ፤ የገደላቸው ጨው ነው።

ስለ ምግብ። እዚህ ዳርቻ የሚወደሰው ሸርጣን ነው፤ በመጸው፣ ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ስለሚወፍር አገሬው ሴፕቴምበርና ኦክቶበርን ይመርጣል። የሚበስለው ኦልድ ቤይ በተባለ ቅመም ነው፤ ቅመሙን የፈጠረው በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባ አይሁዳዊ ስደተኛ ነው። ሚጥሚጣ ለለመደ ምላስ ግን እምብዛም አያቃጥልም። ሸርጣንና ኦይስተር የማትበሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ክንፍና ቅርፊት ያለው ይሻለናል ካላችሁ ሮክፊሽ የሚሉትን የአካባቢውን ዓሣ እዘዙ። ሥጋው ነጭ ነው፣ ቅመምም ይይዛል። ከሸርጣኑ ጋር ባንድ ብረት ድስት እየጠበሱ እንደሆነ ግን ጠይቁ። ለጣፋጭ የስሚዝ ደሴት ኬክ አለ፤ ስምንት፣ ዘጠኝ ስስ ድርብርብ ያለው ሲሆን ከ2008 ጀምሮ የግዛቲቱ ይፋዊ ጣፋጭ ነው። ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ጽጌንም የምትጾሙ ብትሆኑ ይቅርባችሁ። ከኬምብሪጅ በታች ምግብ ቤት ስለሚራራቅ እንጀራችሁን ቋጥሩ፤ ጥብቅ ሥፍራው ከገባችሁ በኋላ ግን ፍርፋሪ ለወፍ አትጣሉ።

ስለ ደኅንነት ጥቂት። በደቡብ ዶርቼስተር የስልክ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ካርታውን ከቤት አውርዱ። አንዳንድ መንገዶች በባሕር ሙላት ይሸፈናሉ፤ ውኃ የተኛበት መንገድ ውስጥ አትግቡ፣ ጨው ውኃ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር አጋዘን መንገድ የሚያቋርጥባቸው ወራት ናቸው፣ ሲመሽ ቀስ በሉ። ሣር ውስጥ ከገባችሁ ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ መዥገሩ በብርድም አይተኛም፤ በሽታም ያስተላልፋል። የአደን ቀን ስለሚኖር ወደ ጥብቅ ሥፍራው ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የተዘጋ መንገድ እንዳለ ጠይቁ።

ጾመ ነቢያት አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 24 ይገባል። ከዚያ በፊት ካሉት ቅዳሜዎች አንዱን ምረጡ፤ ማለዳ ስድስት ሰዓት ተነሡ፣ ልጆቻችሁን ከአልጋ አስነሡ፣ አናፖሊስንና ኢስተንን ለሌላ ቀን ትታችሁ በቀጥታ ቸርች ክሪክ ግቡ፤ ለአንድ ቀን እሱ ይበቃል። ድልድዩ የሚያስከፍለው ወደ ምሥራቅ ስትሻገሩ ብቻ ነው፣ በጥሬ ገንዘብም አይከፈልም። መልካም ጉዞ።